«ተመለስ» እና «ውረድ»

የዚህ ወር ደብዳቤዎች ተመካክረው የመጡ ይመስላሉ። አራቱም የሚጠይቁት ስለ አንድ ነገር ነው፤ ቴክስት ፋይል ውስጥ መስመር ማለቁን ስለሚናገረው የማይታይ ምልክት። ጠያቂዎቹ ግን አያውቁትም። አንዷ ቫይረስ ትለዋለች። አንዱ ሰርቨሩ ጠምዶ ይዞኛል ይላል። አንዱ ደግሞ የሞተ ዘመድ ስም በራዲዮ የሰማ ያህል ደንግጦ ነው የጻፈልኝ። ስለዚህ ሌላውን ሁሉ ለሚቀጥለው ወር አሳድሬዋለሁ። ስለ ፕሪንተር ቀለም የጠየቃችሁኝ ትንሽ ታገሡኝ።

ጥያቄ፦ «በቸርችል ጎዳና አካባቢ ያለ የንግድ ድርጅት ውስጥ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ቅርንጫፋችን የዕቃ ዋጋ ዝርዝር በቴክስት ፋይል ይልክልኛል። እስከ ባለፈው ወር ሰላም ነበር። አሁን በኖትፓድ ስከፍተው ሦስት መቶ ምናምን ዕቃ በአንድ መስመር ተግተልትሎ ይመጣል። ሲሚንቶው ከሚስማሩ፣ ሚስማሩ ከቀለሙ ተጣብቋል። ቢሮ ያሉ ልጆች ቫይረስ ነው አሉኝ። ባለሙያ ጠርተን ኮምፒውተሩ ፎርማት ተደረገ፤ 1,500 ብር ከፈልን። ፋይሉ ግን ያው ነው። ላኪው ‹እኔ ጋ ቁልጭ ብሎ ይታያል› ይላል። ከሁለታችን ማን ነው የሚዋሸው?» — ትዕግሥቴ ያለቀ

መልስ፦ ማንም አልዋሸም። ቫይረስም የለም። ደብዳቤዎ እንደደረሰኝ መልሼ ሁለት ነገር ጠይቄዎት ነበር፤ ዊንዶውስዎ ስንት ነው፣ ቅርንጫፉስ በቅርቡ ምን ለወጠ? ዊንዶውስ 7 ነው አሉኝ። ቅርንጫፉ ደግሞ የዕቃ መመዝገቢያውን በዊንዶውስ ፋንታ ሊኑክስ የሚባል ሌላ ሥርዓት ወዳለበት ኮምፒውተር አዛውሯል። በቃ፣ በሽታው ይኸው ነው።

ቴክስት ፋይል ውስጥ መስመር የሚባል ነገር የለም። እንደ መቁጠሪያ ነው። ዶቃ ከዶቃ ተከታትሎ ተሰክቷል፤ እያንዳንዱ ዶቃ ደግሞ ቁጥር ነው። ለፊደል ቁጥር አለ፣ ለክፍት ቦታ ቁጥር አለ። «እዚህ ጋ መስመሩ ያልቃል» ለማለትም ዓይን የማያየው ዶቃ ይሰካል። ጣጣው የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ዊንዶውስ መስመር ሲያልቅ ሁለት ዶቃ ይሰካል፤ ቁጥር 13 እና ቁጥር 10። ሊኑክስ አንድ ብቻ፤ ቁጥር 10። የእርስዎ ኖትፓድ ሁለቱን አንድ ላይ ካላየ መስመር አልቋል ብሎ አያምንም። 10ን ለብቻዋ ሲያገኛት ዘሏት ያልፋል። ሲሚንቶውና ሚስማሩ የተጣበቁት ለዚህ ነው።

ማይክሮሶፍት ይህን ያስተካከለው በፈረንጆቹ 2018 ነው። ከዚያ በኋላ በወጣው የዊንዶውስ 10 ዕትም ኖትፓድ የዊንዶውሱንም፣ የሊኑክሱንም፣ የድሮውን ማክም ፋይል በትክክል ያሳያል። ከታች በቀኝ በኩል ፋይሉ የዊንዶውስ፣ የዩኒክስ (ሊኑክስ የእሱ ወገን ነው) ወይም የማኪንቶሽ መሆኑን ጭምር ይጽፍልዎታል። ሠላሳ ዓመት ያህል የፈጀ ጥገና ነው። የእርስዎ ኮምፒውተር ደግሞ ከጥገናው በፊት የተወለደ ነው።

አሁን ወደ መፍትሔው። ኖትፓድ ፕላስ ፕላስ የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ፤ እሱን ያስጭኑ። ፋይሉን በእሱ ይክፈቱት። «ኤዲት» ከሚለው ሜኑ ውስጥ «ኢኦኤል ኮንቨርዥን» የሚል አለ፤ የመስመር ማብቂያ መለወጫ ማለት ነው። እዚያ «ዊንዶውስ»ን ይምረጡና ሴቭ ያድርጉ። ከዚያ ወዲያ ያ የድሮው ኖትፓድም ዝርዝሩን መስመር በመስመር ይከፍትልዎታል። ማየት ከፈለጉ ደግሞ «ቪው» ውስጥ ገብተው ምልክቶችን አሳይ የሚለውን ይጫኑ። በየመስመሩ ጫፍ ትንንሽ ጥቁር ሳጥኖች ይወጣሉ፤ ውስጣቸው «ሲአር» እና «ኤልኤፍ» ይላል። ሲአር 13 ናት፣ ኤልኤፍ 10። እኔ ይህን ሳላይ ምንም ፋይል አልነካም። ሐኪምም ሳያዳምጥ መድኃኒት አይጽፍም።

«ወርድፓድ አይበቃኝም ወይ?» የሚል አይጠፋም። ለማየት ይበቃል፤ መስመሮቹን በትክክል ያሳያል። ሴቭ ሲያደርጉ ግን ይጠንቀቁ። ተራውን «ቴክስት ዶክመንት» ከመረጡ አማርኛው በሙሉ የጥያቄ ምልክት ሆኖ ይቀራል። «ዩኒኮድ ቴክስት ዶክመንት» የሚለውን ከመረጡ አማርኛው ይተርፋል፤ እሱም የራሱ መዘዝ አለው። መዘዙን ከታች ለተማሪው ስመልስ ያገኙታል፤ እኔን አንድ ቀን ሙሉ አስለቅሶኛል።

ከሁሉ የሚሻለው ግን ላኪውን ማናገር ነው። ፋይሉን ሲያወጣ በዊንዶውስ አሠራር እንዲያወጣው ይንገሩት፤ ለእሱ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። አለበለዚያ በየሳምንቱ እርስዎ መለወጥ ሊኖርብዎት ነው።

ስለ 1,500 ብሩ አዝናለሁ። በከተማችን ኮምፒውተር ምንም ቢታመም መድኃኒቱ አንድ ነው፤ «ፎርማት እናድርገው»። የማውሱ ባትሪ ቢያልቅ ፎርማት። እባካችሁ ፎርማት ከመባሉ በፊት አንድ ነገር ጠይቁ፤ ይኸው ፋይል በሌላ ኮምፒውተር ላይ እንዴት ይታያል? ሌላ ቦታ ደህና ከሆነ የእናንተን ኮምፒውተር ማጠብ ምን ይፈይዳል?

ጥያቄ፦ «ልጄ፣ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ዓምድሽን ሳላነብ አልቀርም። በወጣትነቴ ቴሌክስ፣ ያ መልእክት በሽቦ የሚልከው የጽሕፈት ማሽን፣ ላይ ሠርቻለሁ። ያኔ መስመር ሲያልቅ የምንመታው ሁለት ቁልፍ ነበር። አንዱ ወደ መስመሩ መጀመሪያ ይመልሳል፣ ሌላው ወረቀቱን አንድ መስመር ይገፋል። ሁለተኛውን የረሳ ሰው መስመር በመስመር ላይ ይደርብና ወረቀቱን ያጠቁረዋል። አለቃ ይቆጣል። በቀደም የልጅ ልጄ የኮምፒውተር ትምህርቱን ሲያጠና ‹ካሪጅ ሪተርን› ሲል ሰማሁት። ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። ያ ነገር እስከ ዛሬ አልሞተም እንዴ?» — ጡረተኛው፣ ከአራት ኪሎ

መልስ፦ አልሞተም ጋሼ። እንዲያውም ከላይ እኅታችንን 1,500 ብር ያስወጣት እሱ ነው። እርስዎ በጣትዎ ይመቷቸው የነበሩት ሁለት ቁልፎች ናቸው ዛሬም ፋይል ውስጥ የሚኖሩት። 13 «ተመለስ» ናት፤ የልጅ ልጅዎ «ካሪጅ ሪተርን» ያላት እሷን ነው። 10 «ውረድ» ናት። ከዚህ በኋላ በዚህ ዓምድ በእነዚህ ስሞች ብጠራቸው ቅር እንደማይልዎት አምናለሁ።

እኔም ከእርስዎ ዘመን ብዙ አልርቅም። ጽሕፈት የተማርኩት በአማርኛ ኦሊቬቲ ነው። አሁን ከሱቄ መደርደሪያ ላይ ሆና ፎቶ ኮፒ ማሽኑን ቁልቁል ታየዋለች። ደንበኞች «ትሸጫታለሽ?» ይሉኛል። አልሸጣትም። መስመሩ ሊያልቅ ሲል ደወሏ ቅጭል ይላል። በግራ በኩል ያለችውን ማንሻ በመዳፍ ይዞ ወደ ቀኝ መግፋት ነው። ያ አንድ ግፊያ ሁለት ሥራ ይሠራል። መጀመሪያ ወረቀቱን ጠቅ አድርጎ ያወጣል፣ ከዚያ ይዞት ወደ መስመሩ መጀመሪያ ይሄዳል። አስተማሪያችን ከኋላችን ቆመው ድምፁን ብቻ እየሰሙ ማን እንደዘገየ ያውቁ ነበር። እኛ «ተመለስ» እና «ውረድ» ሁለት ነገር መሆናቸውን እንኳ አናውቅም። ጋሼ፣ እርስዎ ግን ያውቃሉ፤ ለየብቻ መትተዋቸዋልና።

ኮምፒውተር ነገሩን የወረሰው ከእናንተ ማሽን እንጂ ከእኛ ታይፕ አይደለም። በፈረንጆቹ 1963 አሜሪካኖች ለፊደላትና ለምልክቶች ቁጥር ሲያድሉ፣ አስኪ ይሉታል፣ ለሁለቱም ትእዛዞች ለየብቻ ቁጥር ሰጧቸው። በዚያው ዓመት ቴሌታይፕ 33 የሚባል ማሽን ወጣ። በሰከንድ 10 ፊደል ይመታል። ችግሩ ከመስመሩ መጨረሻ ተነሥቶ መጀመሪያው ለመድረስ ከአንድ ፊደል ጊዜ በላይ ይፈጅበታል። «ተመለስ» ተብሎ ወዲያው ፊደል ከተላከለት ገና በመንገድ ላይ እያለ ያትመዋል፤ ፊደሉ ወረቀቱ መሐል ላይ ይወድቃል። ስለዚህ መጀመሪያ «ተመለስ» ይሉታል፣ ቀጥለው «ውረድ» ይሉታል። ወረቀቱ እስኪገፋ ራሱ ቦታው ይደርሳል። ቅደም ተከተሉ ለምን እንደማይገለበጥ አሁን ገባዎት? ወይስ ያኔም ያውቁት ነበር? ከጻፉልኝ ደስ ይለኛል።

ከዚያ በኋላ የሆነው የውርስ ክፍፍል ነው። ዩኒክስን የሠሩት ሰዎች፣ መልቲክስ የሚባለውን የቀደመ ሥርዓት ተከትለው፣ «ማሽኑ የሚፈልገውን ማሽኑ ይጨምር፤ ፋይል ውስጥ አንዷ ትበቃለች» ብለው «ውረድ»ን ያዙ። ሊኑክስም የእነሱን መንገድ ያዘ። ሲፒኤም የሚባለው ሌላ የድሮ ሥርዓት ሁለቱንም እንዳሉ አስቀመጠ። ዶስ ከእሱ ወሰደ፣ ዊንዶውስ ከዶስ ወረሰ። አፕል በ1984 ማኪንቶሽን ሲያወጣ «ተመለስ»ን ብቻ ይዞ ቀረ። ወንድማማች ተጣልቶ አንዱ ላሚቱን፣ አንዱ ጥጃውን፣ አንዱ ሁለቱንም ይዞ ሄደ እንደማለት ነው። አፕል በ2001 ማክ ኦኤስ ኤክስን ሲያወጣ ወደ ዩኒክስ ወገን ተደባለቀ። ስለዚህ ዛሬ የቀረው የሁለት ወገን ጠብ ነው።

አንድ ነገር ልጨምርልዎ። ለልጅ ልጅዎ ኢሜይል ሲልኩ መልእክቱ ከሰርቨር ወደ ሰርቨር የሚጓዘው በየመስመሩ መጨረሻ 13 እና 10 እየተጨመረበት ነው። ደንቡ እንደዚያ ነው። ከቴሌክሱ ክፍል ገና አልወጣንም ማለት ነው ጋሼ።

ጥያቄ፦ «የኮምፒውተር ሳይንስ 3ኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ላፕቶፔ ዊንዶውስ ነው። ቤት የጻፍኩትን የባሽ ስክሪፕት ሊኑክስ ሰርቨር ላይ ጭኜ ሳስኬደው ‹ባድ ኢንተርፕሪተር› ይለኛል፣ ፋይሉ የለም ይላል። ባሽ እዚያው አለ! ሰባት ጊዜ መልሼ ጻፍኩት። ጓደኛዬ የእኔኑ ስክሪፕት ላይ ያለውን በእጁ ቀድቶ ሰርቨሩ ላይ ሲጽፈው ይሠራል። ሌላም አለ። በቡድን ስንሠራ አንድ መስመር ብቻ ቀይሬ ጊት ላይ ስጭን ፋይሉ በሙሉ እንደተቀየረ ያሳያል። ልጆቹ ‹የሰው ሥራ ለምን ትነካለህ?› እያሉ ተቀይመውኛል።» — ሰርቨር የጠላኝ፣ ከ6 ኪሎ

መልስ፦ ሰርቨሩ አልጠላህም። አንተ የሌለ ሰው ፈልግልኝ ብለኸው ነው።

ለሌሎች አንባቢዎች፦ ስክሪፕት ኮምፒውተሩ ተራ በተራ የሚፈጽማቸው ትእዛዞች የተጻፉበት ፋይል ነው፤ ባሽ ደግሞ ትእዛዞቹን አንብቦ የሚያስኬድ ፕሮግራም። የስክሪፕትህ የመጀመሪያ መስመር «ይህን የሚያስኬደው ባሽ ነው» ይላል። ዊንዶውስ ላይ ስለጻፍከው ከ«ባሽ» ኋላ አንዲት «ተመለስ» ተለጥፋለች። ዊንዶውስ ለመስመር ማብቂያ ይቆጥራታል። ሊኑክስ ግን መስመሩ የሚያልቀው «ውረድ» ላይ ነው ብሎ ስለሚያምን፣ ከዚያ በፊት ያለውን ሁሉ ስም ነው ይላል። «ባሽ» ሳይሆን «ባሽ-ተመለስ» የሚባል ፕሮግራም ፍለጋ ይሄዳል። አያገኝም። የለም ይልሃል። እውነቱን ነው! ጓደኛህ በእጁ ሲጽፈው የሠራው ሰርቨሩ ላይ ስለጻፈው ነው፤ «ተመለስ» አልገባችም። እጁ የተባረከ ስለሆነ አይደለም።

አንዳንድ ጊዜ በየመስመሩ ጫፍ ጣራ የመሰለች ምልክትና ኤም የምትባለው የእንግሊዝኛ ፊደል ተያይዘው ታያለህ። ያቺው «ተመለስ» ናት። ኤም በእንግሊዝኛ ፊደል ተራ 13ኛ ናት፤ ኮንትሮልን ይዞ ኤምን መጫን 13ን ይልካል። ስሟ የመጣው ከዚያ ነው።

መጀመሪያ እይ። ሊኑክስ ላይ «ፋይል» የሚባል ትእዛዝ አለ። ከእሱ ቀጥለህ የፋይልህን ስም ስጠው። የዊንዶውስ ማብቂያ ካለበት በግልጽ ይነግርሃል። ከዚያ ለውጠው። ለዚሁ ተብሎ የተሠራው ፕሮግራም ስሙ ዶስ ቱ ዩኒክስ ነው፤ «ቱ» የሚለውን ቁጥር 2 አድርገህ ሦስቱንም ያለ ክፍተት አያይዘህ ጻፈው። ከኋላው የፋይልህን ስም አስከትል። ወደ ኋላ መመለስ ስትፈልግ ደግሞ ዩኒክስ ቱ ዶስ አለልህ። ሰርቨሩ ላይ ካልተጫነና የመጫን ፈቃድ ከሌለህ ላፕቶፕህ ላይ ጨርሰው። ቪኤስ ኮድ የሚባለው የኮድ መጻፊያ ከታች በቀኝ ጥግ «ሲአርኤልኤፍ» ብሎ ይጽፋል። እሷን ጠቅ አድርገህ «ኤልኤፍ» በላትና ሴቭ አድርግ።

ሥራው መሠራቱን የምታረጋግጥበት ቀላል ዘዴ ልንገርህ። የፋይሉን መጠን በባይት፣ በፋይል ትንሿ መለኪያ፣ ከመለወጥህ በፊትና በኋላ ተመልከት። 120 መስመር ያለው ስክሪፕት ልክ 120 ባይት መቀነስ አለበት። 119 ቢቀንስ አልጨነቅም፤ የመጨረሻው መስመር ያለ ማብቂያ ተጽፎ ይሆናል። 300 ከቀነሰ ግን እጅህን አንሣ።

ለምን እንዲህ እንደምል እነሆ። ባለፈው ዓመት የሰፈራችን ዕድር ጸሐፊ የአባላቱን ስም ዝርዝር በፍላሽ ይዞልኝ መጣ። ኖትፓድ ላይ «ዩኒኮድ» ብሎ ያስቀመጠው ነው። ሱቄ ውስጥ አንድ ሊኑክስ ኮምፒውተር አለችኝ። ዝርዝሩን እሷ ላይ በስም ተራ ላስተካክል አሰብኩ። «ተመለስ»ን ለማውጣት «ቲአር» የምትባል ትንሽ ትእዛዝ አለች፤ 13ን ያገኘችበት ሁሉ ትደመስሳለች። ፈጣን ናት፣ እወዳታለሁ። አዘዝኳት። ፋይሉን ከፈትኩ። የመጀመሪያው መስመር አማርኛ ነው። ሁለተኛው ቻይንኛ ይመስላል። ሦስተኛው አማርኛ። አራተኛው ቻይንኛ። «አቶ ግርማ» ጋ ስደርስ «አቶ» አማርኛ ነው፣ ግርማ ከነአባታቸው ቻይንኛ ሆነዋል። ወይዘሮ ልኬለሽም እንደዚሁ። ጸሐፊው አጠገቤ ቆሞ መነጽሩን አወለቀና «ይቺ ደግሞ የማን ዕድር ናት?» አለኝ።

እኔ ሳቁም አልመጣልኝ። ቀኑን ሙሉ ስፈልግ ዋልኩ። ማታ ገባኝ።

ያ «ዩኒኮድ» የሚባለው የኖትፓድ አስቀማመጥ፣ በትክክለኛ ስሙ ዩቲኤፍ 16፣ እያንዳንዱን የአማርኛ ፊደል በሁለት ባይት ያስቀምጣል። «ል»ን የሚይዙት ሁለት ባይቶች 13 እና 18 ናቸው። «ግ»ን የሚይዙት 13 እና 19። አየህ? የእኛ «ል» እና «ግ» በሆዳቸው 13ን ይዘው ነው የሚዞሩት። «ሊ» እና «ጊ» ደግሞ በሆዳቸው 10ን ይይዛሉ። ቲአር ፊደል አታውቅም፤ የምታውቀው ባይት ብቻ ነው። «ግ»ን ስታገኝ ግማሿን ቆርጣ ትጥላለች። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ በአንድ ባይት ይንሸራተታል፤ የአንዱ ፊደል እግር ከሌላው ራስ ጋር ይጣመራል። የሚወጣው አብዛኛው የቻይና ፊደል ነው። የመስመሩ መጨረሻ ጋ ሌላ 13 ሲቆረጥ እንደገና ይገጥማል። ለዚህ ነው አንዱ መስመር ደህና፣ አንዱ እብድ የሆነው።

እንግሊዝኛ ብቻ የሚጽፍ ሰው በዚህ መንገድ ፊደል አይጠፋበትም፤ ከፊደሎቹ አንዱም 13ን አይዝም። የሚተነኮሰው እኛ ነን። ዩቲኤፍ 8 በሚባለው ሌላ አስቀማመጥ ላይ ግን ይህ ጣጣ የለም። እዚያ «ል» ሦስት ባይት ናት፤ 225፣ 136፣ 141። 13 የለችበትም። በዩቲኤፍ 8 ውስጥ 13 ካየህ «ተመለስ» ብቻ ናት። ስለዚህ አማርኛ ያለበትን ፋይል መጀመሪያ ዩቲኤፍ 8 አድርገህ ሴቭ አድርግ፤ መስመሩን ከዚያ በኋላ ለውጥ። ቅደም ተከተሉ እንዳይገለበጥ፣ ልክ እንደ ጋሼ ቴሌክስ።

ዕድሩ እንዴት ሆነ ካልክ፣ ዋናው ፋይል ፍላሹ ላይ ነበር። የነካሁት ኮፒውን ነው። ፍላሹን ስሰካ አቶ ግርማ በሰላም ተቀምጠው ሳገኛቸው ነፍሴ ተመለሰች።

ወደ ጊቱ እንምጣ። ጊት፣ ቡድን የሚጽፈውን ኮድ የሚያከማችና ለውጡን የሚከታተል ፕሮግራም፣ መስመሮችን የሚያወዳድረው ከነማብቂያቸው ነው። የጓደኞችህ ፋይል በ«ውረድ» ያልቃል። ያንተ ኤዲተር ሴቭ ሲያደርግ ሁሉንም በሁለቱ ይጨርሰዋል። ለዓይን ያው ነው፤ ለጊት ግን እያንዳንዱ መስመር ተቀይሯል። ልጆቹ የተቀየሙህ በማይታይ ነገር ነው። ጊት ላይ «አውቶሲአርኤልኤፍ» የሚባል ማስተካከያ አለ፤ ዊንዶውስ ላይ ብታበራው ወደ ማከማቻው ሲገባ ወደ «ውረድ» ይለውጥልሃል። እሱ ግን ያንተን ላፕቶፕ ብቻ ነው የሚያስተካክለው። እኔ የምመርጠው «ጊትአትሪቢውትስ» የሚባለውን ፋይል ፕሮጀክቱ ውስጥ ማስቀመጥ ነው። እዚያ ውስጥ «* text=auto» ብለህ አንድ መስመር ብትጽፍ ለቡድኑ ሁሉ ይሠራል፤ የማንም ላፕቶፕ ምንም ይሁን።

ፎቶና ዚፕ ፋይል ላይ ግን ይህን ሁሉ እንዳትሞክር። እነሱ ውስጥ 13 እና 10 የመስመር ማብቂያ አይደሉም፣ የሥዕሉ አካል ናቸው። ድሮ ኤፍቲፒ በሚባለው ፋይል መላኪያ፣ «አስኪ» በሚለው መንገድ ፎቶ የላከ ሰው ተበላሽቶ ይደርሰው የነበረው ለዚህ ነው። የፒኤንጂ ፎቶን የፈለሰፉት ሰዎች ይህን አይተው ብልሃት ሠሩ። በፋይሉ የመጀመሪያ 8 ባይቶች ውስጥ ሆን ብለው 13 እና 10ን አስገቡ። በመንገድ ላይ መስመር ለዋጭ የነካው ከሆነ ገና ከደጃፉ ይታወቃል። ወጥመድ አጥምደው ማስቀመጣቸው ነው። ይህን ባነበብኩ ቀን እየሳቅኩ ነው ሱቅ የዘጋሁት።

ጥያቄ፦ «ቀድሞ በማክ ኮምፒውተር የጽሑፍ ዝግጅት ሥራ እሠራ ነበር። በ1980ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ የጻፍኳቸው ፋይሎች አሉኝ። ልጄ ሊኑክስ ላይ አውጥቶ ሊያነብልኝ ሲል የሚታየው የመጨረሻው መስመር ብቻ ነው። ሌላው በአፍታ ብልጭ ብሎ ይጠፋል ይላል። ሥራዬ ጠፋ ማለት ነው?» — ፒያሳ ያደግኩ

መልስ፦ አልጠፋም። ከላይ የጋሼን ደብዳቤ አንብበውታል? «ውረድ»ን የረሳ ሰው ወረቀቱን ያጠቁረዋል ብለዋል። የእርስዎም ያው ነው፤ የወረቀቱ ቦታ ላይ ስክሪን ተተካ እንጂ። የድሮው ማክ በየመስመሩ «ተመለስ»ን ብቻ ነው የሚጽፈው። የልጅዎ ስክሪን ወደ መስመሩ መጀመሪያ ይመለሳል፣ ግን አይወርድም። ቀጣዩን መስመር እዚያው በላዩ ላይ ይጽፋል። ስክሪን ስለሆነ አይጠቁርም፤ የበፊቱን ይሸፍነዋል። መጨረሻ ላይ የቀረው የመጨረሻው መስመር ነው።

ልጅዎ ማክ ቱ ዩኒክስ በሚባለው ይሞክር። ከዶስ ቱ ዩኒክስ ጋር አብሮ ይመጣል፤ አጻጻፉም እንደዚያው ነው፣ በቁጥር 2። ስሙ እንዳያሳስተው። ለድሮው ማክ ብቻ ነው። ከ2001 ወዲህ ያለው ማክ እንደ ሊኑክስ ስለሚጽፍ አያስፈልገውም።

መስመሮቹ ተስተካክለው አማርኛው ግን የእንግሊዝኛ ፊደልና የምልክት ድብልቅ ሆኖ ቢወጣ አይደንግጡ። ያን ጊዜ የአማርኛ ፎንቶች ፊደሎቻችንን በእንግሊዝኛ ፊደልና በምልክት ቦታ ላይ ነበር የሚያስቀምጡት። ዩኒኮድ፣ ለዓለም ፊደላት ቁጥር የሚያድለው ደንብ፣ ለግዕዝ ፊደል የራሱን ቦታ የሰጠው በፈረንጆቹ 1999 ነው። ያ ሌላ ሥራ ነው፤ መስመር መለወጥ አያድነውም። የተጻፈበት ፎንት ስም ያስፈልጋል። ስሙ ትዝ ካለዎት ከአንድ ፋይል ኮፒ ጋር ይላኩልኝና አብረን እንየው። ዲስኩ ግን እቤትዎ ይቆይ።